ለመታመም የተፈቀደ ዕድሜ

በአገራችን ለሁሉም ነገር ዕድሜ ተቆርጦለታል። ለመማር ዕድሜ አለ፣ ለመዳር አለ፣ ለመጦርም አለ። ለመታመም ብቻ የለም። ይህን ነገር ለዓመታት ሳብሰለስለው ኖሬያለሁ፤ አጥንቴ ድረስ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው፣ ልጄ ጫማዋን ስታስር።

ጠዋት ነው። ሰናይት ትምህርት ቤት ልትሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። የግራ ጫማዋን ክር አሰረች። ከዚያ እጆቿን ጭኖቿ ላይ ጣል አድርጋ፣ ራሷን መቃኑ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፈነችና... ዐረፈች። ቀኙ ገና አልታሰረም። አቀበት ወጥታ እንደመጣች አሮጊት ትተነፍሳለች። ዕድሜዋ አስራ ሰባት ነው።

እናንተ ብታዩዋት "ስልክ ስትጎረጉር አድራ ነው" ትሉ ነበር። አውቃችኋለሁ። እኔ ግን የበርበሬ ወንፊቴን በአንድ እጄ እንደያዝኩ በሌላው አፌን ያዝኩ። በግራ ጫማና በቀኝ ጫማ መካከል ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ በወልቂጤ ከተማ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ እዚያ መሃል የተቀመጥኩት ይቺው ልጅ ጡት ስትጥል ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳሁም።

"እማ፣ ምን ታዪኛለሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን አፍሽን ያዝሽ?"

"በርበሬው ነው፣ ሊያስነጥሰኝ ነው።"

ቀኙን አስራ ወጣች። እኔም ወንፊቱን አስቀምጬ እሷ በተነሳችበት ቦታ ቁጭ አልኩ። ሌላው ሰው ጅብ አይቶ ይፈራል፤ እኔ የጫማ ክር አይቼ ፈራሁ።

እስቲ መጀመሪያ ሕመሜን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ ድካም ነው። ይህን ስል ፈገግ እንዳላችሁ ይታየኛል። ሁላችሁም ትደክማላችሁ፤ ዳገት ወጥታችሁ፣ ለሠርግ ስትሠሩ ከርማችሁ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ... ግን የእናንተ ድካም ስትተኙ ይሄዳል። የእኔ አብሮኝ ይተኛል፤ ጠዋት ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል።

አመጣጡ በትኩሳት ነበር። ትኩሳቱ ሄደ፣ ጓዙን ግን እኔ ላይ ጥሎ ሄደ። ቆም ብዬ ከቆየሁ ምድር ይዞርብኛል። ጉሮሮዬ ያብጣል። ልብስ ያጠብኩ እንደሆነ ቅጣቱ በዚያው ዕለት አይመጣም፤ ነገና ከነገ ወዲያ አድብቶ ነው የሚይዘኝ። ራሴም ጉም ይለብሳል። አንድ ቀን ጎረቤቴን ዘይነባን፣ "እባክሽ ያንን ሰውዬ ጥሪልኝ" አልኳት።

"የቱን ሰውዬ?"

"ያንን... ረጅሙን። አብሮን የሚኖረውን።"

"ደንበሩን? ባልሽን?"

"እሱን።"

ዘይነባ እስከ ዛሬ ባሌን መንገድ ላይ ስታገኘው "ረጅሙ፣ እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች።

ሰፈራችን ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ይህን ትረዱልኛላችሁ። ቧንቧው ሲመጣ ጀሪካኑን ትሞላላችሁ፣ እስከሚቀጥለው ተራ በእሱ ትኖራላችሁ። የእኔ ጉልበት እንደዚያ ነው። ለማጠቢያ ካዋልኩት ለመጠጫ የለኝም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የእናንተ ጀሪካን ሲያልቅ ዘይነባ ታበድራችኋለች። የእኔን ማንም አያበድርም፤ ይልቁንም የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ "ምነው ባዶ ሆነ?" እያለ በእግሩ ይመታዋል።

አሁን ወደ ዕድሜው ነገር ልምጣ። ሲጀምረኝ ሃያዎቹን ገና አልጨረስኩም ነበር። ያኔ የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ "ወጣት አይደለሽ እንዴ፣ ወጣት ምን ይደክመዋል?" አለኝ። ስለዚህ አልታመምኩም። ሠላሳዎቹን ስጀምር "ልጅ አንድ ብቻ ወልደሽ ነው፣ ብትደግሚ ይለቅሽ ነበር" አሉኝ። ያኔም አልታመምኩም። ጥቂት ቆይቶ "እስካሁን እኮ ለምደሽዋል" ተባልኩ። እንደ አዲስ ጫማ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ይቆነጥጣል፣ በኋላ እግርሽ ይደነዝዛል። አርባን ሳልፍ ደግሞ እነዚያው ሰዎች፣ ያው አፋቸው፣ "ዕድሜ ነው እህቴ፣ እኛም እኮ ይደክመናል" ይሉኝ ጀመር።

እኔ ታዲያ የምጠይቀው ይህን ነው። በ"ገና ነሽ" እና በ"አርጅተሻል" መካከል መታመም የተፈቀደልኝ ቀን የቱ ነበር? ምናልባት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበረች። ተኝቼ አመለጠችኝ።

የሕመሙ ዕድሜም እንደዚያው ነው። አዲስ በሽተኛ ብርቱካን ይመጣለታል። አሮጌ በሽተኛ ምክር ይመጣለታል። መጀመሪያ ሰሞን ቤቴ በጠያቂ ተሞልቶ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር፤ ዳቦው፣ ሙዙ፣ "እግዜር ይማርሽ"ው። ዓመት ሲሆን ጠያቂው ቀርቶ መካሪው መጣ። አንዷ ጨጓራ ነው አለች፤ አንዷ ዓይን ነው አለች። ዘይነባ እንኳ ደግ ጎረቤቴ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ስታጎርሰኝ ከረመች፤ የተጠቀምኩት ማሩን ነው። በከተማችን ስሙ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ታይፎይድ ይባላል፤ ታይፎይድ ያልሆነ እንደሆነ ደም ማነስ ነው፤ እሱም ካልሆነ ስንፍና ነው። ለመጨረሻው ምርመራ ደም መስጠት አያስፈልግም። ማንም ሰው በር ላይ ቆሞ አይቶ ይነግራችኋል።

እኔ እንኳ ቻልኩት። አራተኛ ክፍልን በመስኮት ነው ያየኋት፤ ብዙ ከራሴ አልጠብቅም ነበር። ዱቄት በርበሬዬን ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ፣ ሲብስብኝ ጋደም ብዬ እሸጣለሁ። ሰናይት ግን... ሰናይት ጎበዝ ተማሪ ናት። ሮጣ የማትደክም፣ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ የምትሰማ ልጅ ነበረች። ከመስቀል በኋላ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሄደ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ በግራና በቀኝ ጫማ መካከል አያችሁት።

ያን የጫማውን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዲት ዶክተር አገኘን። ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ደሙን አየች፣ ሳንባውን አዳመጠች፣ ልጄን አስተኝታም አቁማም ልቧን ለካች። እንደተለመደው "ምንም የለባትም፣ ሂዱ" እስክትል ጠበቅኩ። አላለችም።

"እናቷ፣ አንቺንም እንደዚህ ያደርግሻል?" አለችኝ።

"እኔማ አርጅቼበታለሁ" አልኳት።

"ስሙ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ነው። ማዳኛ መድኃኒት አለኝ ብዬ አልዋሽሽም፣ የለኝም። ግን እሷ ልጅ ናት፣ የያዛትም በቅርቡ ነው። ልጆች ብዙዎቹ እየቆየ ይሻላቸዋል። ቃል አልገባልሽም፣ ግን ይሻላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ፤ እንዳትገፏት። ከአቅሟ በላይ በተገፋች ቁጥር ይብስባታል።"

"እኔስ?"

"አንቺ ብዙ ቆይቶብሻል። እንደ አንቺ የቆየበት ሰው ሰውነቱ የበለጠ ይጎዳል። የሚገርምሽ ግን መንፈሱ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል፤ መኖሪያውን ያበጃል። አዲስ የያዘው ወጣት ነው በሐሳብ የሚሰበረው።" ከዚያ ወደ ሰናይት አየችና፣ "የአንቺን ጉልበት ነው የምፈራው፣ የእሷን ደግሞ ልቧን" አለችኝ።

ልጄ በሩን እንደተሻገርን ጠየቀችኝ።

"እማ፣ እኔም እንደ አንቺ ልሆን ነው?"

"እንደ እኔ ቆንጆ? የት ትደርሺያለሽ?"

አልሳቀችም። ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ልጅ አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው ዶክተሯ ያለችው የገባኝ። በጉልበት ብታወዳድሩን እኔ እብሳለሁ፤ እሷ ደረጃ ስትወጣ እኔ ደረጃውን አይቼ እመለሳለሁ። በሐዘን ግን እሷ ትበልጠኛለች። እኔ ከሕመሜ ጋር እንደ ቆዩ ባልና ሚስት ነን፤ ተሰዳድበን ተሰዳድበን ጨርሰናል። እሷ ገና ሙሽራ ናት፣ ታለቅሳለች።

አንድ ነገር ብቻ በራሴ ውስጥ ቀረ። እንዳትገፏት። የመዳን በር ለእሷ ገና አልተዘጋም፤ የሚዘጋው ሰው ሲገፋት ነው። እኔን ማን እንደገፋኝ አውቃለሁና ልጄን ማን እንደሚገፋትም ገመትኩ። ግምቴን ገና ሳልጨርሰው መጡ።

እቴቴ ሽታዬ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። ቸሃ ውስጥ ከእምድብር አልፎ ነው ቤታቸው። ስልሳን ካለፉ ቆይቷል፣ ሁለት ልጃገረዶች የሚፍቁትን እንሰት ብቻቸውን ይፍቃሉ። ጉንፋን እንኳ ይዟቸው አያውቅም፤ የያዛቸውም እንደሆነ ጉንፋኑ ነው የሚታመመው። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክመው ገቡ፣ ሰናይትን አልጋ ላይ አዩ፣ ሳይቀመጡ ምርመራ ጀመሩ።

"ይቺ ልጅ እንሰት ፍቃ ታውቃለች?"

"አታውቅም እቴቴ" አልኳቸው።

"በቃ። ላብ ያልወጣው ሰውነት ነው። እኔ ጋ ትምጣና ትፋቅ፣ ሁለተኛ አልጋ አያምራትም።"

"ዶክተሯ እንዳትገፋ ብላለች።"

"ዶክተሯ እንሰት ፍቃ ታውቃለች?"

ወደ ባሌ ዞርኩ። ባሌ ደንበሩ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ወፍጮው ጋ ሲቆጣ ሞተሩ ራሱ ዝም የሚል ይመስላችኋል። እህቱ ፊት ግን አንገት የተሰጠው ለመነቅነቅ ብቻ ነው። ያው ነቀነቀ።

"የመንፈቅ ዕረፍት ነው፣ አየር ትለውጥ" አለ።

"አየር እዚህም አለ" አልኩት።

"የዘመድ ቃል እንዴት እመልሳለሁ? የታላቅ ቃል ነው።"

"እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ።"

እቴቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ?"

"ልተኛ" አልኳቸው።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ አበው፤ እቴቴ እንጨቱን እስከ ጫፉ ሰደዱት። "እሱንስ ታውቂበታለሽ" አሉኝ።

ዘይነባ ጓዛችንን ስትሸክፍልን በጆሮዬ፣ "ወላሂ የሰናይት እናት፣ እኔ አንቺን ብሆን ያቺን ልጅ አልሰጥም" አለችኝ። "አልሰጠሁም፣ ተከትያት ነው የምሄደው" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የእሷ አንገት ግን እንደ ደንበሩ አይደለም፤ የእሷ እምቢ የሚል ነው።

እምድብር ድረስ ሚኒባስ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው፣ ሽቅብ። እቴቴ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ደንበሩ ጓዙን ይዞ ይከተላል፣ እኔና ሰናይት ከኋላ ዛፍ እየተደገፍን። እኔ ባሕር ዛፉን ስለቅ እሷ ትይዘዋለች። አንድ የመንደሩ ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ደብር ተሳላሚዎች መስለነው ይሆናል፤ ዛፍ ሁሉ እየሳምን ነበር የምንሄደው።

እንሰት ሲፋቅ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። የሴቶች ሥራ ነው። ጎረቤታሞች ተራ በተራ እየተረዳዱ ከቤት ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ይሠሩታል። መሬት ላይ ተቀምጠሽ፣ ከግንዱ የተገነጠለውን ልጣጭ ያዘመመ ጣውላ ላይ ታደርጊና አንድ እግርሽን ወደ ላይ አንስተሽ በተረከዝሽ ትጫኚዋለሽ። በሁለት እጅሽ ደግሞ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቂያለሽ። እግርሽ ከተነሳ ቀሚስሽም ተነሳ ማለት ነው፤ ስለዚህ ወንድ እዚያ አይደርስም። ነውር ነው፤ ወንድ የረገጠው ቆጮም ይበላሻል ይላሉ። ባል ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን ከመጨረሻው እንሰት ወዲህ እግሩን አያነሳም። የሚፈልገው ነገር ካለ ከቅጠሉ ጀርባ ሆኖ ይጣራል። ዓለም ስትቃጠልም ቢሆን ከቅጠሉ ጀርባ ሆኖ ነው የሚነግራችሁ።

መጀመሪያ ቀን ሰናይት ተቀመጠች፣ እግሯን አነሳች፣ ፋቀች። ሴቶቹ አመሰገኗት። "እጇ ይሄዳል" አሉ። እሷም ፊቷ በራ፤ ካመማት ወዲህ ሰው ሲያመሰግናት ያን ቀን መስማቴ ነው። እቴቴ በድል ወደ እኔ ዞሩ።

"አየሽ? ምኗን ነው ያመማት?"

እኔ ኮባ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። መቻሏ ነው ያስፈራኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። "እቴቴ፣ ይብቃት። ቅጣቱ ነገ ነው የሚመጣው" አልኳቸው። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ፣ "ይቺ ደግሞ ድካም በቀጠሮ ነው የሚመጣላት" አለች። እውነቷን ነው፣ በቀጠሮ ነው። ከእናንተ አማካሪዎች ሁሉ ቀጠሮ የሚያከብረው እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰናይት ብርጭቆ ማንሳት አቃታት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቷ አብጧል፣ ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል። እቴቴ ብርድ ልብሱን ገፈው ወሰዱት።

"ትናንት ችላ የለም እንዴ?"

"ትናንት ስለቻለች ነው እኮ ዛሬ ያልቻለችው" አልኳቸው።

"ይኼ የአንቺ ትምህርት ነው። ልጅ ከእናቷ የምትማረው መተኛት ነው እንዴ? ተነሺ የኔ ልጅ፣ ገና ወጣት ነሽ።"

ያቺ ቃል። አገሩን አቋርጣ፣ ትውልድ ተሻግራ፣ ከኔ ጆሮ ወደ ልጄ ጆሮ መጣች። ሰናይት ደግሞ ልብ የላትም፣ ኩራት ነው ያላት፤ ሰነፍ እንዳይሏት ተነሳች። "እማ፣ ተዪኝ" አለችኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

እኔም ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ተከተልኳት። ስደርስ ተቀምጣ እግሯን በእጆቿ አንስታ ጣውላው ላይ ታስቀምጣለች። እግሯን በእጇ! መፋቂያውን ያዘች፣ አንዴ ሳበችው፣ ሁለተኛው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ እሷም በቀስታ፣ ማንንም ላለማስቸገር እንደፈለገች ሁሉ፣ የተፋቀው ክምር ላይ በጎኗ ጋደም አለች። ከንፈሯ የደረቀ ኮባ መስሏል።

ሴቶቹ አልተነሱም። "ውሃ ርጩባት" አለች አንዷ። "አስመስላ ነው" አለች ሌላዋ። "የእናቷ ልጅ" አሉ እቴቴ፣ እጃቸው ሳይቆም።

ላነሳት ጎንበስ አልኩ። ምድር ዞረብኝ፣ ጉልበቴ ታጠፈ፣ አጠገቧ ዘፍ አልኩ።

"ይኸው፣ ሁለት ሆኑ" አሉ እቴቴ።

ሰዎች፣ ፍርሃት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ልጄ በክንድ ርቀት ላይ ተኝታለች፣ ማንሳት አልችልም። የአስራ ምናምን ዓመት ድካሜ ሁሉ ተሰብስቦ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። የቀረኝ ጉሮሮ ብቻ ነው፤ እሱም ያበጠ ነው። ባለኝ ጮኽኩ።

"ደንበሩ!"

ሲሮጥ ተሰማኝ። የእንሰት ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ሩጫው ቆመ። ከቅጠሉ ጀርባ ድምፅ መጣ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ሰናይት ወድቃለች። ና አንሳት።"

"እ... ሴቶቹ አሉ እኮ።"

"ደንበሩ!" አሉ እቴቴ፤ ያን ጊዜ ብቻ እጃቸው ቆመ። "ወንድ እዚህ አይረግጥም። ቆጮዬን እንዳታበላሽብኝ።"

በቅጠሎቹ መካከል ይታየኛል። አንድ እግሩ መሬት ላይ ነው፣ አንዱ አየር ላይ። ረጅሙ ሰውዬ እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ስሙ እንዳይጠፋብኝ እየፈራሁ፣ በቀረችኝ ትንፋሽ፣

"ደንበሩ፣ ከቆጮውና ከልጅህ የቱ ቢበላሽ ይሻልሃል?" አልኩት።

እግሩ ወረደ። ከወዲህ ነው የወረደው።

ልጅ ስትወድቅ ያልተነሱት ሴቶች ወንድ ሲገባ አንዲት ሳትቀር ተነሱ። ቀሚስ ወረደ፣ ነጠላ ተጎተተ፣ ጩኸቱ እስከ እምድብር ተሰምቶ ይሆናል። እቴቴ በጉራግኛ ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የወንድማቸውን ሰባት ትውልድ ይነካል፣ እሱም የራሳቸው ሰባት ትውልድ ነው። ደንበሩ ማንንም አላየም። ባቱ ድረስ ክምሩ ውስጥ ገብቶ ልጁን አነሳት። ለኔም ክንዱን ሰጠኝ። ከመውጣቱ በፊት ወደ እህቱ ዞረ፤ በዕድሜው ሙሉ ለታላቁ የመለሰው መልስ ይኼ ብቻ ነው።

"እቴቴ፣ ልጄ ታማለች። እናቷም ታማለች። ይዣቸው እሄዳለሁ።"

ልብ በሉልኝ። ያ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት "ደክሟታል" ይል ነበር። "ተኝታለች" ይል ነበር። "ታማለች" ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያውም የተፋቀ እንሰት ውስጥ ቆሞ።

ልጁን አዝሎ አስፋልቱ ድረስ ወረደ። ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ የደንበሩ ሱሪ ከጉልበት በታች ቆጮ ነው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሰውዬ፣ ሰናይት የአባቷ ትከሻ ላይ ዓይኗን ጨፍና አዩና ምክር ጀመሩ። በአገራችን ምክር ያልተሳፈረበት ሚኒባስ አይሄድም።

"ምን ሆና ነው?"

"ታማለች" አለ ደንበሩ። ቃሉ ጣፍጦት መሰለኝ።

"አይ፣ ወጣት አይደለች እንዴ? ይለቃታል።"

"ወጣትም ይታመማል አባት።"

"እናትየዋስ?"

"እሷም ታማለች።"

"ውይ፣ የእሷ እንኳ ዕድሜ ነው።"

ደንበሩ ቆጮ የነካውን እግሩን ትንሽ ወደ ሰውዬው አስጠጋው። ሰውዬው እስከ ወልቂጤ በመስኮት አየር ሲስቡ ሄዱ፤ ምክሩም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለመካሪ የሚሆን መድኃኒት አውቃለሁ።

ቤታችን ስንደርስ ዘይነባ፣ ደንበሩ ከመንገድ ደውሎላት፣ በሩን ከፍታ፣ አልጋውን አንጥፋ፣ መጋረጃውን ጋርዳ ጠበቀችን። ከዚያ በርጩማዋን አምጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሰምቶ ይመጣ ጀመር። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማት ነበር።

"ሰናይትን ልጠይቅ ነው።"

"ብርቱካን ይዘሻል?"

"አልያዝኩም፣ አንድ ምክር ብጤ..."

"ምክሩን እኔ እቀበላለሁ። ብርቱካን ያለው ይግባ።"

ሰናይት ትራሱ ውስጥ ሆና ሳቀች። ከመንገድ ማዶ አይሰማም። እኔ ግን ከአጠገቧ ነበርኩ፣ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አልሮጥንም። ደንበሩ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄዶ "ታማለች" አላቸው፤ አሁን ቃሉን የትም ይዞት ነው የሚሄደው። ግማሽ ቀን ትማራለች፣ ግማሹን ትተኛለች። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አትነሳም። ሲከፋት ትነግረኛለች፣ እኔም የጀሪካኑን ነገር አስተምራታለሁ፤ የቱን ለማጠቢያ፣ የቱን ለመጠጫ። ትምህርት በመስኮት ያየሁ ሴትዮ በመጨረሻ አስተማሪ ሆንኩ፤ ያውም ተኝቼ። ትድናለች አልልም፣ ዶክተሯም ቃል አልገባችም። ካለፈው ወር ትንሽ ትሻላለች። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ።

እቴቴ ሽታዬ ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ አንድ ጥቅል ላኩልን። ኮባውን ስፈታው ያው ቆጮ ነው፣ የወንድ እግር የገባበት። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽታው የሚያውድ። ደንበሩ በጎመን በላውና፣ "እቴቴ ከሠሩት ሁሉ የዚህን ያህል የጣፈጠኝ የለም" አለ። ምሥጢሩን እንዳላወቁት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካወቁት የቸሃን ወንድ ሁሉ ጓሮ ሊያስገቡት ነው።

ጫማውንም ቀየርን። ክር የሌለው ገዛንላት።

አሁን ይህን ስጽፍላችሁ ልጄ አጠገቤ ተኝታለች፣ እኔም ተኝቻለሁ፣ ዘይነባ ደጃፉ ላይ ናት። ማንም አይገፋንም። ቤታችን ገብተናል፤ ደህና ነን።